ለኪሮሽ ሥራ የክር መርፌ እንዴት እንመርጣለን፣ እንዴትስ እንሠራበታለን?

«ብርድ ልብሱን ቆንጆ አድርጌ ጨርሼው ነበር። አንዴ ሲታጠብ ግን መሃሉ ላይ ክር ብቅ አለ፤ ሳብ ሳደርገው ተተረተረ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። ሌላው ደግሞ «የትኛውን መርፌ ልግዛ?» የሚል ነው። ለየብቻ ስመልሳቸው ከረምኩ። ነገሩ ግን አንድ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ኪሮሹ ላይ ምንም ስህተት የለም። ችግሩ ያለው ጭራው ላይ ነው። ጭራ የምለው ስትጀምሩ፣ ቀለም ስትቀይሩና ስትጨርሱ ተንጠልጥሎ የሚቀረውን የክር ጫፍ ነው። ያንን ጫፍ ሥራው ውስጥ የሚደብቀው መርፌ ነው። መርፌው ለክሩ ካልተስማማ ክሩ ቀዳዳው ውስጥ አልገባም ይላል፣ ይበጣጠሳል፣ እጅ ይሰለቻል። ያኔ ቋጠር አድርጋችሁ፣ ቆርጣችሁ ትገላገላላችሁ። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ተገላግያለሁ። ሁለት የልጅ ብርድ ልብስ ከፈታሁ በኋላ ነው የተማርኩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ጫፋቸው ዱልዱም፣ ቀዳዳቸው ሰፊ የሆነ ሁለት የብረት መርፌዎች። ለጀማሪ 16 እና 18 ቁጥር ይበቃሉ።
- ጫፉ ሹል የሆነ፣ ቀዳዳው ግን እንደዚያው ሰፊ የሆነ አንድ መርፌ።
- ወፍራም ክር የምትሠሩ ከሆነ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ መርፌ።
- ትንሽ ስል መቀስ። የወጥ ቤት መቀስ ክሩን ያኝከዋል።
- ሜትር።
- ጥቂት መርፌ ቁልፎች።
- አንድ ቁራጭ ወረቀትና አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን የልብስ ስፌት ክር። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።
- ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ፤ መርፌዎቹ የሚያድሩበት።

መርፌውን መምረጥ

1. ከመርፌው በፊት ክሩን ተመልከቱ። የክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 7 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። 0 እንደ ዳንቴል ክር የቀጠነው ነው፤ 7 ጣት የሚያክለው። ወረቀቱ ከጠፋ የምትሠሩበትን ኪሮሽ፣ ማለትም ጫፉ ቆልመም ያለውን መሥሪያ፣ መጠን ተመልከቱ። ኪሮሹ የተመረጠው ለክሩ ስለሆነ መርፌውንም ይመራችኋል።

2. የመርፌውን ቁጥር አዛምዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመርፌ ቁጥር የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል መርፌው ይቀጥናል፤ ዝቅ ሲል ይወፍራል። «ክሬ ወፍራም ነው» ብላችሁ 24 ቁጥር ከገዛችሁ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው እንደ ጥልፍ መርፌ የቀጠነ ነገር ነው። እኔ የምከተለው ይህን ነው፦

- ኪሮሹ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፦ 24 ወይም 26 ቁጥር
- ከ2 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር፦ 20 ወይም 22
- ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር፦ 18፤ ክሩ ጸጉራም ከሆነ 16
- ከ5.5 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር፦ 16 ወይም 13
- ከዚያ በላይ፦ 13 ወይም ትልቅ የፕላስቲክ መርፌ

ኪሮሹ ከ15 ሚሊ ሜትር ካለፈ መርፌውን ተዉት። እንደዚያ ያለ ክር በጣት ወይም ቀጠን ባለ ሌላ ኪሮሽ ቢደበቅ ይሻላል።

ይህ ዝርዝር መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ቀጣዩ ፈተና ነው።

3. ቀዳዳውን ፈትኑ። ክሩን አንድ ጊዜ አጥፋችሁ ቀዳዳው ውስጥ ክተቱትና ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ሳይጨናነቅ መንሸራተት አለበት። ጸጉሩ እየተላጠ ቀዳዳው ጋ ከተከማቸ መርፌው ጠቧል ማለት ነው፤ ከአምስት ስቲች በኋላ ክሩ ሳስቶ ይበጠሳል (ስቲች የምለው ሥራው የተገነባበትን እያንዳንዱን የክር ጥልፍልፍ ነው)። በተቃራኒው መርፌው ሲያልፍ ሥራው ላይ ቀዳዳ ትቶ የሚሄድ ከሆነ ትልቅ ሆኗል። ጥሩ መርፌ ሲያልፍ ስቲቹ ገለል ይልለትና ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል።

4. ጫፉን እንደ ሥራው ምረጡ። ዱልዱም ጫፍ በስቲቾቹ መካከል መንገድ እየፈለገ ያልፋል፤ ክሩን አይወጋም። ስለዚህ ሁለት ቁራጭ ለመገጣጠምና ለማሳመር እሱ ነው የሚሻለው። ሹል ጫፍ ደግሞ የተገመደውን ክር ሰንጥቆ መሃሉ ይገባል። ይህ ለመገጣጠም መጥፎ ነው፤ የሚያዳልጥ ክር ጭራ ለመደበቅ ግን ግሩም ነው፤ ምክንያቱም ጭራው በክሩ ግማድ መሃል ተነክሶ ይቀራል። አንድ ብቻ ልግዛ ካላችሁ ዱልዱሙን ግዙ።

ጫፋቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ መርፌዎችም አሉ። ጉብታው ስቲቹን ከሥር ፈልፍሎ ብቅ ስለሚል ጠጣር ሥራ ላይ፣ በተለይ አሻንጉሊት ላይ፣ እጅን ያሳርፋል። የግድ አይደለም፤ አንዴ የለመደ ሰው ግን አይመለስም።

5. ከምን እንደተሠራ አስቡ። ብረት ጠንካራ ነው፤ ጠበቅ ያለ ሥራ ውስጥም ያልፋል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ልጆችም ሊማሩበት ይችላሉ፤ ጠጣር ሥራ ላይ ግን ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ቀዳዳው ጋ ይሰበራል። ለላላ ሻርፕና ለወፍራም ብርድ ልብስ ግን ምንም አይለውም። የብረት መርፌ ስትነኩ ጣታችሁን የሚያሳክካችሁ ከሆነ ምናልባት ኒኬል የተቀባ ስለሆነ ነው። ያኔ ወደ ፕላስቲክ ወይም ወደ እንጨት ዙሩ።

6. ልስላሴውን በናይለን ካልሲ ፈትሹ። አዲስ መርፌ ከቀዳዳው ጀምራችሁ በስስ ናይለን ካልሲ ውስጥ አሳልፉ። ከያዘው የሆነ ቦታ ሻካራ አለው። ካልሲውን የያዘ ክርንም ይይዛል። ጥቂቱን በጥፍር ሞረድ ማለስለስ ይቻላል። ሻካራው የቀዳዳው ውስጥ ከሆነ ግን ሞረድ ስለማይገባለት መርፌውን መቀየር ነው።

ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት

የክሩን ጫፍ አሹላችሁ፣ ምራቅ ነክታችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ መታገል የልብስ ስፌት ልማድ ነው። የሱፍ ክር እንዲያ ሲያደርጉት ይበታተናል።

7. ጫፉን ሳይሆን እጥፉን አስገቡ። ከክሩ ጫፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ በመርፌው ወገብ ላይ እጠፉት። ሁለቱንም ወገን ወደ ታች ጠበቅ አድርጋችሁ፣ እጥፉን መርፌው ላይ እንዳለ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጡት። አሁን መርፌውን ወደ ጎን አውጡት። በጣቶቻችሁ መካከል ትንሽ ጠፍጣፋ እጥፍ ትቀራለች፤ ጫፏ ብቻ ትታይ። ክሩን ወደ መርፌው አትግፉ። የመርፌውን ቀዳዳ ወደ እጥፏ አምጡና ላይዋ ላይ ጫኑት። ብቅ ስትል ያዟትና ሳቧት።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ጫፉ የተበታተኑ ጸጉሮች ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ አቅጣጫ ይሄዳል። እጥፉ ላይ ግን ጸጉሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ታስረዋል።

8. እምቢ ካለ ወረቀት ወይም ስስ ክር ተጠቀሙ። ከቀዳዳው የጠበበ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ወረቀት ቁረጡ። ለሁለት እጠፉት፣ የክሩን ጫፍ እጥፉ ውስጥ አኑሩት፣ ወረቀቱን በቀዳዳው አሳልፉት። ክሩም ይከተላል። ለጸጉራም ክር ደግሞ የልብስ ስፌቱን ክር አጥፋችሁ እጥፉን በቀዳዳው አሳልፉት፤ ወፍራሙን ክር እጥፉ ውስጥ አስገቡና መልሳችሁ ሳቡ።

ጭራውን መደበቅ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ብርድ ልብሱ የሚተርፈውም የሚተረተረውም እዚህ ነው።

9. መጀመሪያውኑ በቂ ጭራ ተዉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። አምስት ሴንቲ ሜትር ትታችሁ «ክር ቆጠብኩ» ካላችሁ፣ መርፌው ራሱ ከጭራው ሊረዝም ነው። በጭራው ቁራጭ ልትሰፉበት ካሰባችሁ ደግሞ የስፌቱን ርዝመት ሦስት እጥፍ ተዉ።

10. ሥራውን ገልብጣችሁ ከጀርባው ጀምሩ። መርፌውን ከስቲቾቹ እግር ሥር በአግድም አስገቡ። ወደ ፊት ለፊት እንዳይወጣ በጣታችሁ ከሥር ዳብሱት። በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ስቲች እየያዛችሁ አምስት ሴንቲ ሜትር ሂዱ። ቀለም የቀየራችሁበት ቦታ ከሆነ ጭራውን ወደ ገዛ ቀለሙ ውሰዱት። ቀዩ በቀይ፣ ነጩ በነጭ ውስጥ ይደበቅ።

11. አንድ ቀለበት ዝለሉና ተመለሱ። አምስት ሴንቲ ሜትር ስትደርሱ ክሩን ሳቡ፤ ሥራው እንዳይኮማተር ግን በመዳፋችሁ አለሳልሱት። ከዚያ የመጨረሻዋን የክር ቀለበት አልፋችሁ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ። ቀለበቷን መዝለል ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ጭራውን የምትይዘው ግን እሷ ናት። ሳትዘሉ ከተመለሳችሁ መርፌው በገባበት ቀዳዳ ይወጣና የሠራችሁት ሁሉ ተመዞ ይመጣል።

12. ለሦስተኛ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ሂዱ። አሁን በሹል መርፌ ክሩን ሰንጥቃችሁ ብታልፉ የበለጠ ይይዛል።

ለምን ወዲያና ወዲህ? የሱሪ ወገብ ውስጥ የገባ ገመድ አስቡ። አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ቀጥ ብሎ ስለገባ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተደበቀ ጭራም ሥራው በተለጠጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። የተመለሰ ጭራ ግን አንዱን አቅጣጫ ስትስቡት ሌላው ይይዘዋል።

የክሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የበግ ሱፍ ጸጉሩ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ሁለት ዙር ይበቃው ይሆናል። የሚያብረቀርቅ ጥጥ፣ ቀርከሃና ሐር ግን ያዳልጣሉ። ለእነሱ አራተኛ ዙር ጨምሩ።

13. ከመቁረጣችሁ በፊት ለጥጡት። ሥራውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎንም ወደ ታችም ሁለት ሦስት ጊዜ ለጥጡ። ጭራው በልኩ ይቀመጣል። ከዚያ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ። እንደገና ስትለጥጡት ያች ትንሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ትገባለች። አስጠግቶ መቁረጥ ንጹሕ ይመስላል፤ በመጀመሪያው እጥበት ግን ጫፏ ከያዛት ስቲች ታመልጣለች።

ጭራው አጭር ሆኖ ከቀረስ? አትደንግጡ። መርፌውን ባዶውን አስገቡት። ልትሄዱበት ባሰባችሁት ስቲቾች ሥር አሳልፉትና ቀዳዳው ብቻ ጭራው አጠገብ እንዲቀር አድርጉ። አሁን ጭራውን ቀዳዳው ውስጥ ክተቱና መርፌውን ሳቡ። አራት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ጭራ ሁሉ እንዲህ ትድናለች። ይህን ለጓደኛዬ ሳሳያት መርፌዬን ቀምታኝ ራሷ ካልሞከርኩ አለች።

ማጂክ ሪንግ ላይ የተለየ ጥንቃቄ

14. መሃሉን ዙሩት። ኮፍያና አሻንጉሊት የሚጀምሩበትን ማጂክ ሪንግ፣ ጭራው ሲሳብ የሚጠብቀውን የክር ቀለበት፣ አጥብቆ የያዘው ጭራው ብቻ ነው። ጭራው ከላላ መሃሉ ይከፈታል። ስለዚህ ጭራውን መርፌ ውስጥ አስገቡና የመጀመሪያው ዙር ስቲቾች እግር ሥር፣ ቀለበቱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ሂዱ። ከዚያ አንድ ቀለበት ዘላችሁ በተቃራኒው ግማሽ ዙር ተመለሱ። መጀመሪያ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ራሳችሁ እያላላችሁት ነው።

ዙሩን መዝጋት፤ መጨረሻው እንዳይታወቅ

በዙር የተሠራ ነገር፣ የብርጭቆ ማስቀመጫም ይሁን ኮፍያ፣ መጨረሻው ላይ እብጠት ይዞ ይቀራል። ያንን የሚያጠፋው መርፌ ነው።

15. የመጨረሻውን ስቲች ከጨረሳችሁ በኋላ ምንም አትጨምሩ። ክሩን 15 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ኪሮሹን ወደ ላይ ሳቡት፤ የክሩ ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ይውጣ። ቋጠሮ የለም።

16. ጫፉን መርፌ ውስጥ አስገቡ። የዙሩን የመጀመሪያ ስቲች ዝለሉ። በሁለተኛው ስቲች አናት ላይ ባሉት ሁለት ክሮች ሥር መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉት።

17. አሁን ወደ መጨረሻው ስቲች ተመለሱ፤ ክሩ ወደ ወጣበት። መርፌውን በአናቱ ሁለት ክሮች መካከል ከላይ ወደ ታች አስገቡትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ፈጥናችሁ አታጥብቁ። ክሩ በዘለላችሁት ስቲች ላይ ይተኛና ልክ እንደ ሌሎቹ የሰንሰለት ቅርጽ ይይዛል። መጠኑ ከጎረቤቶቹ እኩል ሲሆን ቁሙ። ከዚህ በላይ ከሳባችሁት ትጠፋለች፤ ከላላ ደግሞ ጣት የምታስገባ ቀለበት ትሆናለች። እኩል ከሆነች ዙሩ የት እንዳለቀ እናንተ ራሳችሁ ትፈልጉታላችሁ።

የመጀመሪያው ስቲች የተዘለለው የስቲቹ ቁጥር እንዳይጨምር ነው። ሐሰተኛዋ ሰንሰለት እሱ ላይ ስለምትተኛ ቁጥሩ እንደነበረ ይቆያል።

ቁራጮችን መገጣጠም

18. ቁጠሩና በመርፌ ቁልፍ ያዙ። ግራኒ ስኩዌር፣ ከመሃል ወደ ውጭ የሚሠራው አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ ሲገጣጠም የሁለቱም ጎን ስቲች ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በመጀመሪያ ማዕዘኖቹን፣ ቀጥሎ መሃሉን በመርፌ ቁልፍ ያዙ። ይህን ከዘለላችሁ አንዱ ቁራጭ እየተንሸራተተ ይሄድና መጨረሻው ላይ ሦስት ስቲች ተርፎ ታገኛላችሁ።

19. ክሩን በልክ ቁረጡ። የስፌቱ ርዝመት ሦስት እጥፍ። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከ50 ወይም ከ60 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ክር ይዛችሁ አትስፉ። እያንዳንዱ ስፌት ክሩን አንዴ ይሞርደዋል፤ ረጅም ክር መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጸጉሩ አልቆ ይሳሳል። ለረጅም ስፌት ሁለት ሦስት ክር ብትጠቀሙ ጭራ ትጨምራላችሁ፣ ስፌቱ ግን አይበጠስም።

20. ስፌቱን ምረጡ። ለግራኒ ስኩዌር ሁለቱን ቁራጭ ፊት ለፊት ገጥማችሁ፣ ከእያንዳንዱ ስቲች አናት በውጭ በኩል ያለውን አንድ ክር ብቻ እየያዛችሁ ከላይ እየዞራችሁ ስፉ። አንዱን ክር ብቻ መያዙ ስፌቱን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ሁለቱንም ከያዛችሁ ጀርባ ላይ ጉብታ ይቀራል። ለሹራብ ጎን ግን ቁራጮቹን መልካቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን አስተኙ። ከአንዱ ጠርዝ ትንሽ ክር፣ ከሌላው ጠርዝ ትንሽ ክር፣ እየተፈራረቃችሁ ውሰዱ፤ ሲሠራ እንደ ደረጃ ይታያል። በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ ክሩን ሳቡት። ሁለቱ ጠርዝ እንደ ዚፕ ይገጥማል፣ ስፌቱም ይሰወራል።

21. በየአምስት ስቲቹ ለጥጡ። ኪሮሽ ይለጠጣል። ስፌቱ ካልተለጠጠ ሥራው ይኮማተራል፣ ቆይቶም ክሩ ይበጠሳል።

አሻንጉሊት ሲዘጋ

22. የመጨረሻው ዙር ላይ ብዙውን ጊዜ ስድስት ስቲች ይቀራል። 20 ሴንቲ ሜትር ጭራ ያለው መርፌ ያዙ። ከእያንዳንዱ ስቲች የፊቱን ክር ብቻ፣ ከመሃል ወደ ውጭ እየወጋችሁ ስድስቱንም ዙሩ። አሁን ሳቡት፤ እንደ ከረጢት አፍ ይጨማደድና ይዘጋል። መርፌውን በመሃሉ ከትታችሁ በጎን በኩል አውጡት። በወጣበት ቀዳዳ መልሳችሁ በሌላ አቅጣጫ ላኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ አሻንጉሊቱን በመዳፍ ጨመቅ አድርጋችሁ ክሩን ሥሩ ድረስ ቁረጡት። ስትለቁት ጫፉ ወደ ሆዱ ይገባል። ቅድም አስጠግታችሁ አትቁረጡ ብያለሁ፤ እዚህ ግን ጫፉን የሚውጥ ሆድ ስላለው ችግር የለውም።

ተጠንቀቁ

- መርፌ ቁጠሩ። አሻንጉሊት ከመዝጋታችሁ በፊት ስንት መርፌ አውጥታችሁ እንደነበር፣ ስንቱ እንዳለ ቁጠሩ። በጥጥ ውስጥ የተረሳ መርፌ የሚገኘው በልጅ እጅ ነው።
- አፋችሁ ላይ አትያዙት። አንድ እጅ ሲጎድል ሁላችንም ያምረናል። ሳቅ ወይም ሳል ሲመጣ ግን የሚሆነው አይታወቅም።
- መርፌ ሥራው ላይ ሰክታችሁ አትደሩ። ብረት እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፤ ዝገቱ ነጭ ክር ላይ ከገባ በቀላሉ አይለቅም። የተቀመጠበት ሰውም ይወጋል።
- ማግኔት ላይ አትተማመኑ። የወደቀ መርፌ በማግኔት መልቀም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ግን አይያዙም። እነሱን በዓይን ፈልጉ።
- ዱልዱም ማለት ደህና ማለት አይደለም። ትንሽ ልጅ ዓይኑንም ሊወጋበት፣ ሊውጠውም ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*ቋጠሮ ላይ መታመን።* ቋጠሮ ሥራው ሲለጠጥ ወደ ፊት ብቅ ይላል፤ ቆዳን ይጎረብጣል፤ በሚያዳልጥ ክር ደግሞ ራሱን ይፈታል። ልባችሁ ካላረፈ ቋጥሩ፤ ግን ጭራውን ከቋጠሮው በኋላም ደብቁ።

*ጭራ እያጠራቀሙ መሄድ።* ስድሳ ግራኒ ስኩዌር ሠርታችሁ መጨረሻ ላይ መቶ ሃያ ጭራ ሲጠብቃችሁ እንኳን መርፌውን፣ ክሩንም ትጠላላችሁ። አንድ ስኩዌር በጨረሳችሁ ቁጥር ሁለት ደቂቃ ስጡት።

*ጭራውን በባዶ ቦታ ማሳለፍ።* መረብ የመሰለ ሥራ ላይ ጭራው በክፍተቱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ፤ ቋሚዎቹን ስቲቾች ተከትላችሁ ውጡና ውረዱ።

*በልብስ ስፌት መርፌ መሥራት።* ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ክሩን ይልጠዋል፤ ጫፉም እያንዳንዱን ስቲች ይሰነጥቃል። ስትሳሳቱ ደግሞ መልሶ መፍታት መከራ ነው።

*ስታጠብቁ ፊቱን አለማየት።* ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ፊት ለፊት ላይ የተሸበሸበ መስመር ታገኛላችሁ። በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ገልበጥ አድርጉ።

ቀድሞውኑ የተፈታ ካለስ?

መጀመሪያ ክሩን አትሳቡት። የተፈቱትን ቀለበቶች በመርፌ ቁልፍ ያዙ፤ ከዚያ ወዲያ አይሮጡም። እስኪጠገን ድረስ ደግሞ አትጠቡት። ጭራው ብቻ ብቅ ብሎ ከሆነና ስቲቾቹ ካልተነኩ፣ ባዶ መርፌ የማስገባቱን ዘዴ ተጠቅማችሁ መልሳችሁ ደብቁት፤ ሁለት ዙር ጨምሩ።

ስቲች ከተፈታ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ተመሳሳይ ክር ያዙ። ከጉዳቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ቀደም ብላችሁ በዱልዱም መርፌ ከጀርባ ጀምሩ፤ ጫፉን አስቀሩ። ያልተፈታውን ጎረቤት ስቲች እያያችሁ ክሩ የሄደበትን መንገድ በመርፌ ተከተሉ፦ የት እንደገባ፣ በየት እንደዞረ፣ በየት እንደወጣ። መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ ቀለበቱ በአዲሱ ክር ሲያዝ ብቻ አውጡ። ጉዳቱን አልፋችሁ ሌላ አምስት ሴንቲ ሜትር ሂዱ። አሁን አራት ጭራ አላችሁ፤ ሁለት የአሮጌው፣ ሁለት የአዲሱ። ሁሉንም ከ10 እስከ 13 ባለው መንገድ ደብቋቸው። አንድ ቦታ ላይ አትከምሯቸው፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ በትኗቸው፤ አለበለዚያ በጣት ስትዳብሱት ይታወቃል።